ነጋድራስ ተሰማ እሸቴና የጀርመን ሸክላዎቻቸው፦ ከቀዳሚነት ባሻገር

የኢትዮጵያን ሙዚቃ ታሪክ የሚዳስሱ ጽሑፎች የነጋድራስ ተሰማ እሸቴን ስም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል። ዘፈኖቻቸውን በሸክላ ያስቀረጹ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆናቸው፣ ቀረጻውም በጀርመን አገር መካሄዱ ይጠቀሳል፤ ከዚያ ትረካው ወደ ነሐስ ባንዶች፣ ቀጥሎም በ1960ዎቹ ወደ አበበው የአዲስ አበባ ዘመናዊ ዘፈን ይሸጋገራል። ሸክላዎቹ የዘመን መቁጠሪያ ሆነው ሲያገለግሉ እንደ ኪነ ጥበብ ሥራ የተመረመሩበት አጋጣሚ ግን ጥቂት ነው። ምን ዓይነት ዜማና ስሜት እንደያዙ፣ ለማን እንደተዘፈኑ፣ የአዝማሪ ጥበብ ወደ ቀረጻ ሲገባ ምን እንዳገኘና ምን እንደተወ የሚጠይቅ ጥናት በብዛት አይገኝም። የሰውየውም ሕይወት ቢሆን በሦስት ተከፍሎ ይነገራል፤ ለታሪክ ተመራማሪው የልጅ ኢያሱ ወገን፣ ለግጥም ወዳዱ ነገር አዋቂ ባለቅኔ፣ ለስፖርት ቤተሰቡ ደግሞ የይድነቃቸው ተሰማ አባት ናቸው። ሸክላዎቹ ከሦስቱም መካከል ወድቀው ቀርተዋል።

ተሰማ እሸቴ በ1860ዎቹ መጨረሻ በሸዋ፣ በምንጃር ተወለዱ። የወጣትነት ዘመናቸው ከዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ጋር የተያያዘ ነበር። በዚያ ዘመን ግጥምን በፍጥነት መደርደር፣ ሰምና ወርቅን አጣምሮ መናገር፣ በሸንጎም ሆነ በግብር ላይ ተፎካካሪን በቃል መርታት ለባለሟል እንደ ጌጥ የሚቆጠር ችሎታ ነው። ተሰማ በዚህ ችሎታ ታወቁ፤ ማሲንቆም ይጫወቱ ነበር። ይሁንና በሙያው የሚተዳደር፣ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ የአዝማሪነት መተዳደሪያ አልነበራቸውም። ይህ ልዩነት ኋላ ሥራቸው በተረሳበት መንገድ ላይ የራሱን ሚና ስለተጫወተ ሊዘነጋ አይገባም።

ቤተ መንግሥቱ ለድምፅ መቅረጫ መሣሪያ እንግዳ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ድምፃቸውን በሰም ሲሊንደር አስቀርጸው ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ መልእክት ልከው ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱም በበኩላቸው በዚያው መሣሪያ መልስ ሰጥተዋል። ስለዚህ የሰው ድምፅ ከባለቤቱ ተለይቶ ባሕር ሊሻገር እንደሚችል ተሰማ ወደ አውሮፓ ከመጓዛቸው በፊት በአዲስ አበባ ይታወቅ ነበር። የንጉሡ ግቢ ይህን ዕውቀት የተጠቀመበት ግን ለዲፕሎማሲ እንጂ ለዘፈን አልነበረም።

ተሰማን ወደ ጀርመን የወሰዳቸው ጉዳይም ዘፈን አይደለም፤ መኪና ነው። በ1900 ዓ.ም. ለአፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን አውቶሞቢሎች ለማድረስ እንግሊዛዊው ቤንትሌይና ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትዝ ተሽቀዳድመው፣ እንግሊዛዊው ቀድሞ ቢገባም የጀርመኑ መኪና ተከትሎ አዲስ አበባ ደረሰ። መኪናው ከመጣ የሚነዳውና የሚጠግነው አገሬ ሰው ያስፈልጋል። ተሰማ ከጥቂት ኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው ከሆልትዝ ጋር ወደ ጀርመን የተላኩት ይህንኑ ሙያ እንዲማሩ ነበር። ሞተር ሊማሩ ሄደው ዘፈን አስቀርጸው ተመለሱ። ቀረጻው የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1908 እና በ1910 መካከል ሲሆን በተለምዶ 17 ተብለው የሚቆጠሩት ሸክላዎች የዚያ ቆይታ ፍሬዎች ናቸው።

የቀዳሚነቱ ጥያቄ ጥቂት ማብራሪያ ይሻል። ከተሰማ በፊት በኢትዮጵያ ምድር የተቀረጸ ድምፅ አልነበረም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1906 በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን የአክሱም ጥናት ቡድን በሰም ሲሊንደር የቀዳቸው ድምፆች በበርሊን የድምፅ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። እነዚያ ቅጂዎች ግን ለምሁራን ጥናት የተሰበሰቡ ናሙናዎች ነበሩ፤ የተቀረጸው ሰው የጥናት ምንጭ እንጂ ባለ ስም ከያኒ አልነበረም። የተሰማ ሸክላዎች ከዚህ የሚለዩት ለገበያ የተባዙና የዘፋኙን ስም ይዘው የወጡ በመሆናቸው ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ ገጣሚና ዘፋኝ በራሱ ስም አድማጭ ፊት የቀረበበት የመጀመሪያው የቀረጻ ስብስብ ይህ ነው። በዛሬ አነጋገር የመጀመሪያ አልበም ቢባል ከእውነቱ ብዙም አይርቅም።

የቀረጻው ሁኔታ በሥራዎቹ ጠባይ ላይ ትልቅ አሻራ አለው። በዘመኑ ድምፅ የሚቀረጸው ያለ ኤሌክትሪክ ነበር፤ ማይክሮፎን ወደ ሸክላ ቀረጻ የገባው እ.ኤ.አ. በ1925 ገደማ ነው። ዘፋኙ ወደ አንድ ትልቅ ጡሩምባ አፍ ተጠግቶ ይዘፍናል፤ የድምፁ ግፊት በጡሩምባው ጫፍ ያለውን ስስ ሽፋን ያርገበግባል፤ ከሽፋኑ ጋር የተያያዘው መርፌም በሚሽከረከር የሰም ገበታ ላይ ይጭራል። (የቅኔ አዋቂው ድምፅ በእውነተኛ ሰም ላይ መጻፉ ለቃላት ጨዋታ የሚጋብዝ ነው፤ እዚህ ግን ይለፍ።) ይህ ዘዴ ከፍ ብሎ የሚወጣ ድምፅን ሲወድ ለስስ የአውታር ድምፅ አይመችም ነበር። የአውሮፓ ቫዮሊን ተጫዋቾች እንኳ ችግሩን ለማለፍ በቀረጻ ክፍል ውስጥ የብረት ጡሩምባ የተገጠመለት ልዩ ቫዮሊን ይጠቀሙ ነበር። ከፈረስ ጭራ የተሠራች አንዲት ክር ያላት፣ ገላዋ በቆዳ የተሸፈነ ማሲንቆ በዚህ መሣሪያ ፊት ምን ያህል አቅም እንደሚያጥራት መገመት አያዳግትም። አንደኛው የሸክላ ገጽ የሚይዘው ጊዜም ከሦስትና ከአራት ደቂቃ አይበልጥም።

ለአዝማሪ ጥበብ ሦስት ደቂቃ ምን ማለት ነው? የአዝማሪ ዘፈን የተወሰነ መጨረሻ የለውም። ዜማው እየተመላለሰ ግጥሙ ይታከልበታል፤ ታዳሚው ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲቀዘቅዝ ወደ ሌላ ዜማ ይዞራል። ከዚህም በላይ አድማጩ የሥራው ተካፋይ ነው። ተቀበል ብሎ ግጥም የሚሰጠው፣ ስሙ ተጠርቶ የሚወደሰው ወይም በወርቁ የሚነካው፣ ምላሹን በሳቅ ወይም በሽልማት የሚሰጠው እርሱ ነው። ጀርመን አገር በሚገኝ የቀረጻ ክፍል ውስጥ ከእነዚህ አንዱም አልነበረም። ከተሰማ ፊት የነበሩት አንድ ጡሩምባና አማርኛ የማያውቁ ባለሙያዎች ናቸው። ሰሙን የሚሰማ ሳይኖር ወርቁን ማን ይፈልቅቀው? አብረዋቸው ከተላኩት ጥቂት የአገር ልጆች በቀር የግጥሙን ሁለተኛ ትርጉም የሚይዝ ጆሮ በዚያ አገር አልነበረም።

በዚህ ረገድ ከሌሎች አገሮች ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1902 ፍሬድ ጋይስበርግ የተባለው የግራሞፎን ኩባንያ ባለሙያ ወደ ካልካታ ተጉዞ ጋውሃር ጃን የተባለችውን ዝነኛ ህንዳዊት ዘፋኝ ቀርጿል፤ እርሷም በቀረጻው መጨረሻ ላይ ስሟን በመናገር ትታወቃለች። በህንድ መሣሪያው ወደ ዘፋኟ ሄደ፤ በከተማዋ፣ በአጃቢዎቿ መካከል ሆና ዘፈነች። በኢትዮጵያዊው ዘንድ የሆነው ተቃራኒው ነው። ዘፋኙ ከአድማጩ ተነጥሎ ወደ መሣሪያው ሄደ። ይህ የጉዞ አቅጣጫ ልዩነት የተሰማን ሸክላዎች በዘመኑ ከተሠሩት የምሥራቅ አገሮች ቅጂዎች የተለዩ ያደርጋቸዋል።

ቅጂዎቹን ዛሬ የሚያዳምጥ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው የመርፌውን ፍጭጭታ ነው። ጆሮ ፍጭጭታውን ሲለምድ አንድ የወንድ ድምፅና ከሥሩ የምትከተል ማሲንቆ ይሰማሉ። ማሲንቆ የዘፋኙን ዜማ በአብዛኛው ራሱን ትደግማለች፤ ትንሽ ትዘገያለች ወይም ትቀድማለች፣ ዘፋኙ ሲያርፍ ቦታውን ትሞላለች። ጭብጨባ የለም፣ ተቀባይ የለም፣ በየስንኙ ማብቂያ የሚነሣ የታዳሚ ሁካታም የለም። በአዝማሪ ቤት ውስጥ ያው ዜማ ሲዘፈን ኀዘኑን በጨዋታ የሚያለዝበው ሁሉ ተገፎ የቀረው እንጉርጉሮ ብቻ ነው። የሸክላዎቹ የትካዜ ጠባይ በዋናነት የመጣው ከዚህ መራቆት ነው ቢባል አሳማኝ ይሆናል። በዘመኑ ለቤተ መንግሥት ግብር ድምቀት የነበረ ጥበብ ብቻውን ሲቀር እንዴት እንደሚሰማ የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ ከዚያ ዘመን ማግኘት ይቸግራል። ስለዚህ ቅጂዎቹ የ1900ዎቹን የግብር ዘፈን በቀጥታ ያሳያሉ ብሎ መውሰድ ስሕተት ይሆናል። የሚያሳዩት ለብቸኝነት የተገደደና በብቸኝነቱም ሌላ ውበት ያገኘ ዘፈን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የተሰማን ቀጣይ ሕይወት የሚያውቅ አድማጭ በቅጂዎቹ ውስጥ ያለውን ኀዘን ከኋለኛው ውድቀታቸው ጋር ሊያያይዘው ይፈተናል። የዘመን ቅደም ተከተሉ ግን ይህን አይፈቅድም። ሸክላዎቹ ሲቀረጹ ዘፋኙ በሠላሳዎቹ የእድሜ ዘመን የሚገኙ፣ በመንግሥት የተላኩና ተስፋ የሚጣልባቸው ሰው ነበሩ። ውድቀቱ የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። ኀዘኑ የዜማው ባሕርይና የቀረጻው ሁኔታ ውጤት እንጂ ገና ያልደረሰ ግዞት ሙሾ አይደለም። የከያኒን ሥራ በሕይወት ታሪኩ ብቻ የመተርጎም ልማድ በኢትዮጵያ የሙዚቃ ጽሑፎች ዘንድ ሥር የሰደደ በመሆኑ ነጥቡ ከተሰማም በላይ ይሄዳል።

ተሰማ ከጀርመን ሲመለሱ የለቀቁት ቤተ መንግሥት ተለውጦ ጠበቃቸው። አፄ ምኒልክ በሕመም ተዳክመዋል፤ የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ በ1901 ዓ.ም. አልጋ ወራሽነታቸው ታውጇል። ተሰማ ለወጣቱ መስፍን ቅርብ ሆኑ፤ በዚያው ዘመን ነጋድራስ ተባሉ። ማዕረጉ የነጋዴዎች አለቃነትንና የቀረጥ ሹመትን የያዘ፣ ገቢም ተሰሚነትም ያለው ነበር። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱና በወሩ የሰገሌ ጦርነት ነገሩን ሲደመድመው የነጋድራሱም ዕጣ አብሮ ተወሰነ። ሹመታቸውንና ሀብታቸውን አጡ፤ እስራትና ግዞትም ደረሰባቸው። ልጃቸው ይድነቃቸው በመስከረም 1914 ዓ.ም. የተወለዱት ከአዲስ አበባ ርቀው በጅማ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የተሰማ ሕይወት ረጅም ነው፤ አራት አሥርት ዓመታት ይሆናል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ገጣሚነታቸው አልነጠፈም፤ በየአጋጣሚው የተናገሯቸው ግጥሞች በቃል ሲተላለፉ ኖረዋል። ሸክላ ግን ዳግመኛ አላስቀረጹም። የመጀመሪያው ሥራ የመጨረሻውም ሆኖ ቀረ።

የሸክላዎቹ መረሳት በአንድ ምክንያት ብቻ የሚገለጽ አይደለም። ፖለቲካው ቀላሉ ማብራሪያ ነው፤ የልጅ ኢያሱን ዘመን ማውሳት በማይወደድበት ሥርዓት ውስጥ የዚያን ዘመን ባለሟል በአገር አቀፍ ደረጃ ማወደስ አይጠበቅም። የዕቃው ተሰባሪነትም አለ። ሸክላ የሚለው የአማርኛ ስም ነገሩን በትክክል ይዞታል፤ እነዚያ የቀድሞ ዲስኮች ሲወድቁ እንደ ገል የሚፈረካከሱ ነበሩ፤ በየጊዜው የሚያርሳቸው የብረት መርፌም ያደክማቸው ነበር። ማጫወቻውም ቢሆን በከተማው ካሉ መኳንንትና ባለጸጎች ቤት አልፎ የሚገኝ አልነበረም።

ከእነዚህ ይልቅ የበለጠ ክብደት ያለው ግን ታሪኩ የተጻፈበት አቅጣጫ ነው። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ትረካ ዘመናዊነትን ከነሐስ መሣሪያ ጋር አዛምዶ ይጀምራል። ከአድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የመጡት የሙዚቃ መሣሪያዎች፣ በ1917 ዓ.ም. መባቻ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 አርመናውያን ልጆች፣ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ከዚያ የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ተራ በተራ ይቆማሉ። ሰንሰለቱ እውነት አለው። ነገር ግን በውስጡ ብቻውን ማሲንቆ ይዞ ለሚዘፍን ሰው ቦታ የለም። መሣሪያው ጥንታዊ፣ መቅረጫው ዘመናዊ የሆነው የተሰማ ሥራ ከሁለቱም መደብ ሳይገባ ይቀራል። የባህል ሙዚቃ ጥናት በፊናው መስኩን በሕያው አዝማሪዎች ላይ ስላደረገ፣ የአዝማሪ ዘር ያልነበሩትን ባለሟል ወደ ራሱ ለመሳብ አልቸኮለም።

የአዝማሪነት ጉዳይ ራሱ ያወዛግባል። አዝማሪ የሚለው ቃል በኅብረተሰቡ ዘንድ ንቀት ተጭኖት የኖረ ስያሜ ነው፤ ነጋድራስ ከሚለው ማዕረግ ጋር በአንድ ሰው ስም ላይ ሲቀመጡ ይጋጫሉ። የአገር ውስጥ መታሰቢያቸው በአብዛኛው ነጋድራስ የሚለውን መርጧል። እ.ኤ.አ. በ2011 ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ እትም 27ኛ ቅጽ ሆኖ በሁለት ዲስክ የወጣው የሸክላዎቹ ስብስብ ደግሞ ከስማቸው ፊት አዝማሪ የሚለውን አስቀምጧል። ሁለተኛው ምርጫ የሚያስከፋቸው ሰዎች መኖራቸው አይቀርም፤ ከሥራው አንጻር ግን የተሻለው እርሱ ነው። በሸክላዎቹ ላይ የሚሰማው ሰው ሹመኛ አይደለም። ሹመቱም ቢሆን ገና አልመጣም ነበር።

የቃሉ ቅርስ ከድምፁ የተሻለ ዕድል ገጥሞታል። ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ፣ በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ፣ ኋላም እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1987 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት፣ የአባታቸውን የሕይወት ታሪክና ግጥሞች አሰባስበው ለመጽሐፍ አብቅተዋል። ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ መጽሐፉ የተሰማ መግቢያ በር ሆኖ ቆይቷል። ውለታው ትልቅ ቢሆንም አንድ ያልታሰበ ውጤት አስከትሏል፤ ተሰማ የሚነበቡ እንጂ የሚደመጡ ከያኒ መሆናቸው ቀረ። በወረቀት ላይ የሰፈረ የአዝማሪ ግጥም ትንፋሹን፣ በስንኝ መካከል ያለውን ዝምታ፣ ሰሙ ከወርቁ የሚለይበትን የድምፅ እጥፋት አይዝም። አንድ ኅብረ ቃል ላልቶ ወይም ጠብቆ ሲነገር ትርጉሙ እንደሚለወጥ ለማንም የአማርኛ ተማሪ ግልጽ ነው፤ የፊደሉ ሥርዓት ግን መጥበቅና መላላትን አይለይም። ሸክላው ይለያል።

ከዚህ የሚነሣው የጥናት ዕድል ተጨባጭ ነው። በሀዋሳም ሆነ በሌላ ዩኒቨርሲቲ የቃል ግጥምን የሚያጠና ተማሪ ከ100 ዓመት በፊት የተነገረ አማርኛን በገጣሚው በራሱ አንደበት የማድመጥ ዕድል ያለው በእነዚህ ቅጂዎች ነው። የጥብቀትና የልላት ሥርዓቱን፣ በሸዋ ከተሞች የነበረውን የአነጋገር ለዛ፣ በሦስት ደቂቃ ገደብ ውስጥ ግጥሙ እንዴት እንደተመጠነ፣ ማሲንቆው በየትኛው ስንኝ ላይ ዝም እንደሚል መመዝገብ ይቻላል። የታተሙትን ግጥሞች ከተቀረጹት ጋር ማስተያየትም ሌላ መንገድ ነው፤ በጡሩምባ ፊት የተዘፈነውና በታዳሚ ፊት የተነገረው በርዝመት፣ በአድራሻና በድፍረት የት የት እንደሚለያዩ ከሁለቱ ምንጮች ንጽጽር ሊወጣ ይችላል።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጥቅምት ወር 1957 ዓ.ም. በ88 ዓመት ዕድሜያቸው አረፉ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት የሙዚቃ ነጋዴ የራሱን የሸክላ ኩባንያ በአዲስ አበባ ሲያቋቁም ብዙዎች ነገሩን የኢትዮጵያ ሸክላ ጅማሬ አድርገው ቆጠሩት።